ሲኒ ውስጥ ያለው ጤና አዳምና ጠርሙስ ውስጥ ያለው፦ መዓዛማ ዘይት መቀመም ለምን ሥልጠና ይፈልጋል?

ጎንደር ውስጥ ቡና ተቀድቶ ሲቀርብ አንድ ዘለላ ጤና አዳም ሲኒው ውስጥ ጣል ማድረግ የተለመደ ነው። ማንም አይለካውም፣ ማንም አይፈራውም። ይኸው ተክል በእንፋሎት ተነጥሮ ዘይቱ ብቻ ጣት በምታህል ጠርሙስ ሲገባ ግን ሌላ ነገር ይሆናል። ለነፍሰ ጡር ይከለከላል። ቆዳ ላይ ተቀብቶ ፀሐይ ሲያገኘው ያቃጥላል። የሽቶ ኢንዱስትሪው የደኅንነት መመሪያ ፀሐይ በሚያገኘው ቆዳ ላይ ለሚቆይ ምርት የሚፈቅደው መጠን 0.15 በመቶ ነው፤ ከ100 ግራም ቅባት ውስጥ አንድ ግራም እንኳ የማይሞላ ማለት ነው።

ጉዳዩን ማንሳት ያስፈለገው እነዚህ ትናንሽ ቡናማ ጠርሙሶች «አሮማቴራፒ» በሚል ስም የውበት ሳሎኖችና የማሳጅ ቤቶች መደርደሪያ ላይ እየተለመዱ በመምጣታቸው ነው። የተዘጋጀውን ገዝቶ መሸጥ አንድ ሥራ ነው። ራስ ቀምሞ፣ አሽጎ፣ የራስን ስም ለጥፎ መሸጥ ግን ሌላ ሥራ ነው፤ ብዙ ወጣቶች የሚፈልጉትም ይህንኑ ነው። ፍላጎቱ የሚያስመሰግን ነው። የሚያስፈራው አብሮት የሚነገረው አንድ ዐረፍተ ነገር ነው፦ «የተፈጥሮ ስለሆነ ምንም አያደርግም»።

አሮማቴራፒ ሲባል ምን ማለት ነው?

ከተክል የተገኘ መዓዛ በማሽተት፣ በመታሸት ወይም በመታጠብ ሰውነትንና መንፈስን ማሳረፍ ነው። ቃሉን ያወጣው ሬኔ ሞሪስ ጋትፎሴ የተባለ ፈረንሳዊ ኬሚስት ነው። በ1910 እ.ኤ.አ. ቤተ ሙከራው ውስጥ በደረሰ ፍንዳታ እጆቹ ተቃጥለው የላቬንደር ዘይት እንደጠቀመው ጽፏል፤ በ1937 እ.ኤ.አ. ደግሞ ቃሉን የመጽሐፉ ርዕስ አደረገው።

ቃሉ የፈረንሳይ ይሁን እንጂ ድርጊቱ ለእኛ እንግዳ አይደለም። ለጋ ቅቤ ላይ አደስ ጨምሮ ፀጉር መቀባት፣ ወይባ መሞቅ፣ ቅርንፉድ በክር ሰክቶ አንገት ላይ ማሰር፣ ጉንፋን ሲይዝ በባሕር ዛፍ ቅጠል መታጠን ሁሉም መዓዛን ለሰውነት ማዋል ነው። እናቶቻችን ሥልጠና ሳይወስዱ ይህን ሁሉ ያደረጉት ቅጠሉን፣ እንጨቱን፣ ቅርንፉዱን እንዳለ ስለተጠቀሙ ነው። ተክሉ በውስጡ ያለው ዘይት ጥቂት ነው፤ ቢሳሳቱ እንኳ ስሕተቱም ጥቂት ነበር። አዲሱ ነገር ዘይቱን ከተክሉ ለይቶ ማጠራቀም ነው።

አንድ ነገር ከወዲሁ ይታወቅ፦ አሮማቴራፒ ሕክምናን አይተካም። ደስ የሚል መዓዛ ያረጋጋል፣ መታሸትም ያዝናናል። ስኳርን፣ ደም ግፊትን ወይም የሚጥል በሽታን ይፈውሳል የሚል ቀማሚ ካጋጠመ ግን ከዚያ ቤት መውጣት ነው።

ዘይቱ ከተክሉ የሚወጣው እንዴት ነው?

አረቄ ሲወጣ ያየ ሰው ግማሹን ያውቀዋል። ማሰሮው ይጣዳል፣ መጋጠሚያው በሊጥ ወይም በጭቃ ይለሰናል፣ እንፋሎቱ በመቃ ተጉዞ ቀዝቃዛ ውሃ ውስጥ የተቀመጠው ዕቃ ጋ ሲደርስ ወደ ፈሳሽነት ይመለሳል። የመዓዛማ ዘይት አወጣጥም ይኸው ነው። ልዩነቱ ከማሰሮው ውስጥ ድፍድፍ ሳይሆን ውሃና ቅጠል መኖሩ ነው። የሚፈላው ውሃ እንፋሎት ቅጠሉ ውስጥ ያሉትን ጥቃቅን የዘይት ከረጢቶች ከፍቶ መዓዛውን ተሸክሞ ይወጣል። ሲቀዘቅዝ ዘይቱ ውሃው ላይ ይንሳፈፋል፤ ከላይ ይቀዳል። ከሥር የሚቀረው መዓዛ ያለው ውሃም አይደፋም፣ ለብቻው ይሸጣል። የሎሚና የብርቱካን ዘይት ብዙ ጊዜ በዚህ መንገድ አይወጣም፤ ልጣጩ ተጨምቆ ነው የሚገኘው። ይህ ልዩነት ኋላ ፀሐይን ስናነሳ ይመጣል።

አሁን መጠኑን እንየው። ከ100 ኪሎ ግራም የባሕር ዛፍ ቅጠል የሚገኘው ዘይት ከአንድ እስከ ሁለት ኪሎ ግራም ያህል ነው። ከጽጌረዳ አበባ አንድ ኪሎ ዘይት ለማግኘት ደግሞ እስከ 4 ቶን የሚጠጋ አበባ ይፈልጋል። አንዲት ጠብታ ስናንጠባጥብ እፍኝ ሙሉ ተክል እያንጠባጠብን ነው። ሲኒው ውስጥ ያለው ዘለላና ጠርሙስ ውስጥ ያለው ጤና አዳም የሚለያዩት እዚህ ላይ ነው።

ሌላው ጉዳይ ስም ነው። ከመተማና ከቋራ ቆላ የሚመጣው ዕጣን «ቦስዌሊያ ፓፒሪፌራ» ከሚባለው ዛፍ የሚገኝ ነው፤ በዘይቱ ውስጥ በብዛት ያለው ኦክታይል አሲቴት የሚባል ንጥረ ነገር ነው። ከሶማሌ ምድር የሚመጣው የሌላ ዝርያ ዕጣን ዘይት ግን ይዘቱ ፈጽሞ ሌላ ነው። ሁለቱም ገበያ ላይ «የዕጣን ዘይት» ይባላሉ። ስለዚህ ሠልጣኝ ከነጋዴው የሚጠይቀው የመጀመሪያ ጥያቄ ዋጋ ሳይሆን የተክሉ ሳይንሳዊ ስም ነው። ስሙን የማያውቅ ነጋዴ የሚሸጠውን አያውቅም።

ተፈጥሯዊ ከሆነ እንዴት ይጎዳል?

ብርቱካን ላጡና ልጣጩን ወደ ሻማ ነበልባል አዙራችሁ እጠፉት። የሚረጨው ጤዛ ብልጭ ብልጭ እያለ ይነድዳል። ያንኑ ልጣጭ የተነፋ ፊኛ ላይ እጠፉት፤ ብዙ ጊዜ ፊኛው ይፈነዳል፣ የልጣጩ ዘይት ጎማውን ይበላዋልና። ዘይቱ ጎማ የሚበላ፣ እሳት የሚይዝ ኬሚካል ነው። ከብርቱካን በላይ ተፈጥሯዊ የሆነ ነገር ደግሞ የለም።

ጉዳቱ በተለያየ መንገድ ይመጣል። ቀላሉ ማቃጠል ነው፦ ጦስኝ፣ ቅርንፉድና ቀረፋ ሳይበረዙ ቆዳ ላይ ሲያርፉ ያቀላሉ፣ ያሳክካሉ። ይህ ሲታጠቡት ያልፋል። የማያልፈው አለርጂ ነው። ሰውነት አንድን ንጥረ ነገር አንዴ በጠላትነት ከመዘገበው አይረሳውም። ለዓመታት በቅርንፉድ ዘይት ሲሠራ የኖረ ማሳጅ ሠሪ አንድ ቀን እጁ ላይ ሽፍታ ይወጣል፤ ከዚያ በኋላ ጥቂቷ ጠብታም ትበቃዋለች። ሙያውን እስከመተው የደረሱ አሉ። በዚህም ምክንያት የዘርፉ መመሪያዎች የቅርንፉድን ዘይት ቆዳ ላይ ከ0.5 በመቶ፣ የጠጅ ሣርን ከ0.7 በመቶ በላይ አትጠቀሙ ይላሉ።

ፀሐይም አለች። ተጨምቆ በወጣው የሎሚ ዘይትና በጤና አዳም ዘይት ውስጥ ፀሐይ ሲያገኛቸው ቆዳን የሚያቃጥሉ ንጥረ ነገሮች አሉ። ከላይ እንዳነሣሁት የአወጣጡ ልዩነት እዚህ ይታያል፦ በእንፋሎት የወጣ የሎሚ ዘይት ይህ ችግር የለበትም፣ የሎሚው ንጥረ ነገሮች ከእንፋሎቱ ጋር አይወጡምና። ጎንደር ከባሕር ወለል ከ2,100 ሜትር በላይ ላይ ናት፤ ፀሐይዋ ቀልድ አታውቅም። ለጥምቀት አምሮ ለመውጣት ጠዋት አንገቷን በሎሚ ዘይት የታሸች ሴት ቀኑን ሙሉ ፋሲል መዋኛ ዙሪያ ስትቆም ምን እንደሚሆን መገመት አያቅትም። ከተቀቡ በኋላ ቢያንስ 12 ሰዓት ቦታውን ከፀሐይ መከለል ይመከራል።

ሠልጣኝ መጀመሪያ የሚማረው ምንድን ነው?

መበረዝ። ማርን በውሃ በርዞ ብርዝ የሚጠጣ ሕዝብ ይህን ቃል ማስረዳት አያስፈልገውም። ልዩነቱ የሚበረዘው በውሃ ሳይሆን በሌላ ዘይት መሆኑ ነው፣ መዓዛማ ዘይት ከውሃ ጋር አይዋሐድምና። የሚበርዘውን ዘይት ተሸካሚ ዘይት ይሉታል።

ለሰውነት ማሻ የተለመደው መጠን 2 በመቶ ነው። ለፊት ከ0.5 እስከ 1 በመቶ። 50 ሚሊ ሊትር ጠርሙስ በ2 በመቶ ለመቀመም 1 ሚሊ ሊትር መዓዛማ ዘይትና 49 ሚሊ ሊትር ተሸካሚ ዘይት ይበቃል። ሦስት ዓይነት መዓዛ ቢቀላቀልም 1 ሚሊ ሊትሩ ለሦስቱም ነው፤ ለእያንዳንዱ አይደለም። ጀማሪ ሁሉ የሚሳሳተው እዚህ ነው።

«1 ሚሊ ሊትር 20 ጠብታ ነው» የሚለው አባባልስ? አንድ ክፍል ውስጥ ቁጭ ብዬ ያየሁትን ልንገራችሁ። አሠልጣኟ ሦስት ሠልጣኞችን አስነሥታ፣ ከሦስት የተለያዩ ጠርሙሶች፣ ወርቅ ሠሪ በሚጠቀምባት ዓይነት ትንሽ ሚዛን ላይ ሃያ ሃያ ጠብታ አስጠበጠበቻቸው። የባሕር ዛፉ ቶሎ ቶሎ፣ በቀጭኑ ወረደ። የከርቤው ወፍራም ነው፤ አንዷ ጠብታ እስክትወድቅ ልጁ ጠርሙሱን አዘንብሎ ይጠብቃል። ሦስቱ ቁጥሮች ሰሌዳ ላይ ሲጻፉ አንዱ ከሌላው ጋር አልገጠመም። አሠልጣኟ ምንም ሳትናገር «ጠብታ» የሚለውን ቃል ከሰሌዳው ላይ በእጅጌዋ ጠረገችው። ከዚያ ቀን ጀምሮ ክፍሉ በግራም ነው የሚሠራው። እስከ 0.01 ግራም የምትለይ ሚዛን ዋጋዋ ከአንድ የተበላሸ ምርት አይበልጥም።

ተሸካሚ ዘይት ከየት ይመጣል ለሚለው ጎንደር የተባረከች ናት። በምርት ገበያ «ሁመራ ጎንደር» ተብሎ የሚታወቀው ነጭ ሰሊጥ ደጃፋችን ላይ ነው። ሳይቆላ የተጨመቀ የሰሊጥ ዘይት በውስጡ ባሉ ተፈጥሯዊ መከላከያዎች የተነሣ ቶሎ አይሻግትም፤ ለጀማሪ ከዚህ የተሻለ የለም። የኑግ ዘይት በአንጻሩ ለወጥ ያማረ ቢሆንም ሊኖሌይክ አሲድ የሚባል የቅባት ዓይነት ስለሚበዛበት ከአየር ጋር ቶሎ ይጣላል፣ ቶሎ ይከረፋል። ለሰሊጥ አለርጂ ያለባቸው ሰዎችም ስላሉ ደንበኛን ሳይጠይቁ መቀባት አይገባም።

አዲስ ቅምር ለሰው ከመሰጠቱ በፊት ክንድ ውስጠኛ ክፍል ላይ ጥቂት ተቀብቶ 24 ሰዓት፣ ቢቻል 48 ሰዓት ይጠበቃል። ነፍሰ ጡር፣ ሕፃን፣ አስም ወይም የሚጥል በሽታ ያለበት ሰው ከመጣ ደግሞ ቀማሚው «አይሆንም» ማለት መቻል አለበት። ለትንንሽ ልጆች ባሕር ዛፍና ናና ፊታቸው ወይም አፍንጫቸው አካባቢ ፈጽሞ አይቀባም፤ ትንፋሽ ሊያሳጥር ይችላል።

ስለ ማሽተትም አንድ ቃል። አፍንጫ ይደክማል፤ ከአምስት ስድስት መዓዛ በኋላ ሁሉም አንድ ይሆንበታል። ሽቶ መሸጫዎች ለዚህ ቡና ያሸትታሉ። የቡና አገር ሰው ሆኜ መናገሩ ይከብደኛል እንጂ፣ ሲፈተሽ ቡናው ከንጹህ አየር የተሻለ ጥቅም አላስገኘም። በረንዳ ወጥቶ መመለስ ይበቃል።

ውሃ የገባበት ምርትስ?

ዘይት ብቻ የሆነ ቅምር ውስጥ ባክቴሪያ በቀላሉ አይራባም። ውሃ፣ የእሬት ጭማቂ ወይም የጽጌረዳ ውሃ የገባበት ነገር ግን እንደ ወጥ ነው፤ ያድራል፣ ይበላሻል። የሚከፋው ሳይሸት፣ ሳይሻግት መበላሸቱ ነው። ስለዚህ ክሬምና ርጭት የሚሠራ ሰው የመዋቢያ ማቆያ፣ ማለትም ምርቱ እንዳይበላሽ የሚጨመር ንጥረ ነገር፣ መጠቀምን መማር አለበት። መዓዛማ ዘይቱ ራሱ ጀርም ይገድላል ብሎ መተማመን አያዋጣም፤ ለዚያ የሚበቃው መጠን ቆዳንም ይጎዳል።

ለጀማሪ የሚመከረው ሰም ያለበት ቅባት ነው፤ ውሃ የለውምና። ንጹህ የንብ ሰም ከ62 እስከ 65 ዲግሪ ላይ ይቀልጣል። አንድ እጅ ሰም ለአራት ወይም ለአምስት እጅ ዘይት፣ በፈላ ውሃ ላይ በተቀመጠ ዕቃ ይቀልጣል፤ በቀጥታ እሳት ላይ ግን አይጣድም። መዓዛማ ዘይቱ የሚገባው ከእሳት ወርዶ በረድ ሲል፣ ጠርዙ መርጋት ሲጀምር ነው። ትኩሱ ላይ ከተጨመረ መዓዛው ክፍሉን ያውዳል እንጂ ቅባቱ ውስጥ አይቀርም።

ዕቃ ስለማፅዳት፦ ጎንደር ከፍታ ላይ ስለሆነች ውሃ የሚፈላው በ100 ሳይሆን በ93 ዲግሪ ገደማ ነው። ጠርሙስ ሲቀቀል ከቆላው ረዘም ላለ ጊዜ መቆየት አለበት፤ ከዚያም ፈጽሞ መድረቅ አለበት። አንዲት የውሃ ጠብታ ከሥር ከቀረች ዘይት ብቻ ነው ያልነው ዘይት ብቻ መሆኑ ቀረ።

የት ይቀመጥ?

መዓዛማ ዘይት ሦስት ጠላት አለው፦ ብርሃን፣ ሙቀትና አየር። ጠርሙሱ ቡናማ ወይም ጥቁር ሰማያዊ መስተዋት የሆነው ለብርሃኑ ነው። ፕላስቲክ አይሆንም፤ ፊኛውን ያያችሁ ታውቃላችሁ። ጎማ ያለው ጠብታ መጣያም ሁልጊዜ ጠርሙሱ ላይ ተከድኖ አይቀመጥም፤ ጎማው ይሟሟና ዘይቱ ውስጥ ይገባል።

አየሩ ግን ብዙዎች የሚረሱት ነው። ግማሽ የደረሰ ጠርሙስ ግማሹ አየር ነው። የሎሚ፣ የብርቱካንና የጥድ ዓይነት ዘይቶች ከአየር ጋር ሲቆዩ መጀመሪያ ያልነበረባቸውን አለርጂ የሚያመጣ ነገር ይፈጥራሉ። ያረጀ የሎሚ ዘይት መዓዛው ስለደከመ ብቻ አይደለም የሚጣለው፤ አደገኛ ስለሆነ ነው። እነዚህ ከተከፈቱ በኋላ ለአንድ ዓመት ገደማ ብቻ ያገለግላሉ። ዘይቱ ሲቀንስ ወደ ትንሽ ጠርሙስ መገልበጥ ዕድሜውን ያረዝማል።

ፍሪጅ ግዴታ አይደለም፤ መብራት እየሄደ የሚመጣበት ፍሪጅ ደግሞ ከጭቃ ቤት ጓዳ አይሻልም። ቀዝቃዛ፣ ጨለማ፣ የሚቆለፍ ቁም ሣጥን ይበቃል። ቆርቆሮ ጣሪያ ሥር ያለ መደርደሪያና ፀሐይ የሚያገኘው መስኮት ግን የተከለከሉ ናቸው። የባሕር ዛፍና የብርቱካን ዘይት ከ45 እስከ 50 ዲግሪ አካባቢ ሲደርሱ እሳት የሚይዝ ትነት ይሰጣሉ፤ ስለዚህ ከከሰል ምድጃ፣ ከማጨሻና ከፀጉር ማድረቂያ መራቅ አለባቸው። ሳሎን ውስጥ ቡና የሚፈላ ከሆነ የጠርሙሶቹ ቦታ ሌላኛው ጥግ ነው።

ጨርቁን ማንም አያስበውም። በዘይት የራሰ ፎጣ ተጠቅልሎ ሲከመር በውስጡ ሙቀት ይጠራቀማል፤ በተለይ የተልባ ዘይትን የመሰለ ቶሎ የሚደርቅ ዘይት ከሆነ ክብሪት ሳይነካው ሊነድ ይችላል። ፎጣው በትኩስ ውሃና በሳሙና ታጥቦ ተዘርግቶ ይደርቃል።

መለያ ወረቀቱ ላይ ምን ይጻፍ?

የምርቱ ስም፣ የተክሎቹ ሳይንሳዊ ስም፣ ተሸካሚ ዘይቱ፣ የመዓዛማ ዘይቱ መጠን በመቶኛ፣ የተሠራበትና የሚያበቃበት ቀን፣ የአዘገጃጀት መለያ ቁጥር፣ «አይጠጣም» እና «ከልጆች አርቁ» የሚሉ ማሳሰቢያዎች። መለያ ቁጥሩ ከቀማሚው መዝገብ ጋር ይገናኛል፤ አንድ ደንበኛ ሽፍታ ወጣብኝ ብላ ስትመጣ መዝገቡ ተገልጦ የቱ ጠርሙስ፣ የቱ ዘይት፣ ስንት ግራም እንደሆነ ይታያል።

ቀን ሲጻፍ የኛን አቆጣጠር ወይም የፈረንጁን መሆኑ ይገለጽ። በፈረንጅ አቆጣጠር በ2018 ያበቃ ዘይት በኛ አቆጣጠር 2018 ላይ ሆኖ ለሚያየው ሰው ገና ትኩስ ይመስለዋል። ሰባት ዓመት ያለፈበት ዘይት ነው።

የሚጻፈው ቃልም ይመዘናል። መዋቢያና መድኃኒትን የሚቆጣጠረው የኢትዮጵያ የምግብና መድኃኒት ባለሥልጣን ነው፤ ሥራው በአዋጅ ቁጥር 1112/2011 የተደነገገ ነው። «ያዝናናል፣ ያለሰልሳል» የሚል ቅባት መዋቢያ ነው። «ራስ ምታት ይፈውሳል» ተብሎ ከተጻፈበት ግን መድኃኒት ነኝ ብሏል፤ መድኃኒት ደግሞ የራሱ ምዝገባና ምርመራ አለው። ለመሸጥ የሚያስብ ሰው ጠርሙስ ከመግዛቱ በፊት ባለሥልጣኑ የሚፈልገውን ይጠይቅ።

አደጋ ቢደርስስ?

ቆዳ ላይ ሳይበረዝ የፈሰሰ ዘይት መጀመሪያ በሰሊጥ ወይም በሌላ የምግብ ዘይት በራሰ ጨርቅ ይጠረጋል፣ ከዚያ በሳሙና ይታጠባል። ውሃ ብቻውን ያሰራጨዋል እንጂ አያነሣውም። ዓይን ውስጥ ከገባ በብዙ ንጹህ ውሃ ለ15 ደቂቃ ያህል አጥቦ ወደ ጤና ተቋም መሄድ ነው። ወለል ላይ ከፈሰሰ መስኮት ተከፍቶ፣ እሳት ጠፍቶ፣ በአሸዋ ወይም በሰጋቱራ ይመጠጣል።

ልጅ ከጠጣ ነገሩ አስቸኳይ ነው። ጥቂት ሚሊ ሊትር የባሕር ዛፍ ዘይት ትንሽ ልጅን ሊያንቀጠቅጥና ራሱን ሊያስት ይችላል። ወተት አይሰጥም። በግድም እንዲያስታውክ አይደረግም፤ ዘይቱ ሲመለስ ወደ ሳንባ ሊገባ ይችላል። ልጁን ታቅፎ ወደ ቅርቡ ጤና ተቋም መሮጥ ነው፣ ጠርሙሱንም ይዞ። ሐኪሙ መጀመሪያ የሚጠይቀው «ምን ጠጣ? ምን ያህል?» ብሎ ነው፤ በዚያ ሰዓት እናትየው ለቅሶዋ አላናግር ቢላት እንኳ መለያ ወረቀቱ በእርሷ ምትክ ይመልሳል።